በአውራ ጣት አይቆጠርም

የስፖርት ፈተና እፈራለሁ። ሒሳብ አልፈራም። ፊዚክስም ቢሆን ወረቀት ላይ ነው፤ ብወድቅ የምናውቀው እኔና ወረቀቱ ብቻ ነን። ስፖርት ላይ ግን የሚወደቀው ሰው ፊት ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ተደርድሮ እያየ፣ እየሳቀ፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አዝኖልኝ እያጨበጨበ።

በክፍላችን ስሜ ኩንታል ነው። ስሙን ያወጣልኝ የስፖርት መምህራችን ነው። እኛ ደግሞ እሱን ፊሽካ እንለዋለን፤ ስለዚህ ተቻችለን እንኖራለን። ፊሽካ ክፉ ሰው አይደለም። ጉልበቱን አሞት ከውድድር የቀረ የድሮ ሯጭ ነው፤ እሱ ያጣውን ነገር እኛ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ፊሽካውን ከአፉ የሚያወጣው ሲበላ ብቻ ነው ይባላል፤ እኔ ሲበላም ማውጣቱን እጠራጠራለሁ።

የሚፈልገውን ነገር ያገኘው አንድ ልጅ ላይ ብቻ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ላይ። እሷን ጥይት ይሏታል። መሬት ሳትነካ የምትሮጥ ነው የሚመስለው። የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ እንጋራለን። እናቷ የእናቴ ታናሽ እህት ነበረች። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ ደከመኝ ብላ ቁጭ አለች፤ በዚያው ቀረች። በቤታችን ከዚህ በላይ አይወራም። አንዱ «ድንገት ነው» ይላል፣ ሌላው ወሬ ይቀይራል። አባቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤት የምንውለው ሦስት ሴቶች ነን፤ እናቴ፣ እኔና እሷ።

ፊሽካ አንድ ክረምት ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ አዲስ ነገር ይዞብን መጣ። ከዚያ በፊት ማርክ የምናገኘው በሩጫ፣ በፑሽ አፕና በዝላይ ነበር። አሁን ግን «ዋናው መሮጣችሁ አይደለም፤ ሮጣችሁ ስታበቁ ልባችሁ እንዴት እንደሚያርፍ ነው» ማለት ጀመረ። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አደረገን። አንዱ ሮጦ ሲጨርስ ሌላው እጁን አንጓው ላይ ይይዘዋል። ፊሽካው ሲነፋ የልብ ትርታ መቁጠር ይጀመራል፤ ደግሞ ሲነፋ ያበቃል። ቆጣሪው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ትንሽ አርፈው እንደገና ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ቶሎ ከወረደ ማርኩ ይወጣል። ቁጥር ከጠፋ ወይም ካጠራጠረ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ሯጩ እንደገና ይሮጣል።

ሲያወሩት ያምራል። ግን ተማሪ እርስ በርሱ ማርክ ይሰጣጥ ከተባለ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም። ማንም አይቆጥርም ነበር። የጓደኛቸውን እጅ ይዘው ስለ ፊልም ያወራሉ፣ ፊሽካው ሲነፋ መምህሩ የሚወደውን ቁጥር ይጠራሉ። ትንፋሹ ተቆራርጦ መሬት ላይ የተዘረጋው ልጅ ሁሉ ልቡ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ልብ ቀስ ብሎ ይመታል ተብሎ ይመዘገባል። በልብ ጤና ክፍላችንን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ፊሽካም በዚህ ይኮራል፤ ውጤቱን ለዳይሬክተሩ ወስዶ አሳይቷል አሉ።

እኔ ግን እቆጥር ነበር። ጻድቅ ሆኜ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ስዋሽ ጆሮዬ ድረስ ነው የምቀላው። ጥንዴ ደግሞ ጥይት ነበረች። ፊሽካ «ቀርፋፋዋ ከፈጣኗ ትማር» ብሎ ነው ያጣመረን። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ሲቆጠር ምንም አይቼባት አላውቅም፤ ልቧ እንደሷ ቀልጣፋ ነበር፣ ቶሎ ይነሳል ቶሎ ይረጋል።

ሰኞ ለፈተናው ስንለማመድ ጥይት ሁሉንም ቀድማ ጨረሰችና እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። ፊሽካው ተነፋ። መጀመሪያ በፍጥነት ይመታ ነበር፤ እሺ፣ የሮጠ ሰው ነው። ከዚያ ቀጥ አለ። ምንም የለም። ከዚያ ደራርቦ መታ፣ ደግሞ ቀጥ አለ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ጣቴ ሥር ተርገፈገፈ። ቁጥሩ ጠፋብኝ። ቀና ብዬ ሳያት ፈገግ ብላ ለጓደኞቿ እጇን ታውለበልባለች፤ ከንፈሯ ግን አመድ መስሏል።

«ኩንታል! ስንት ነው?» አለኝ ፊሽካ።

«ቲቸር፣ አልቆጠር አለኝ። ይቆማል፣ ከዚያ ይሮጣል።»

መጥቶ እጄን አየ። «በየትኛው ጣትሽ ነው የያዝሽው?»

እኔም አየሁ። በአውራ ጣቴ ነበር።

«ስንቴ ልናገር! አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው። በአውራ ጣት አይቆጠርም። አንቺ የቆጠርሽው የራስሽን ልብ ነው!» አለና ወደ ክፍሉ ዞረ። «ጥይት ሮጠች፣ ኩንታል ልቧ ሊወጣ ደረሰ!»

ሳቁ አያድርስ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ እፎይ ብዬ ነው የሳቅኩት። የእኔ ልብ ከሆነ ምን ቸገረኝ፣ እኔ እንደሆነ ሁሌ እንደደነገጥኩ ነው። ፊሽካ ራሱ ደስ የሚል ቁጥር ጻፈላትና አለፈ።

ግን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው መዞሪያ ላይ ስንደርስ ጥይት ጎንበስ ብላ የስኒከሯን ክር ማሰር ጀመረች። ቀጣዩ መዞሪያ ላይም ጎንበስ አለች። ክሩ እኮ ታስሯል። ትናንትም እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ባለፈው ሳምንትም። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ፈጥና የምትሮጥ ልጅ ቤቷ ደረጃ ላይ የታሰረ ክር ታስራለች።

«እጅሽን አምጪ» አልኳት።

«ሂጂ ወዲያ።»

ነጠቅኳት። በዚህኛው ጊዜ በአውራ ጣቴ አይደለም፤ በሌባ ጣቴና በመሃል ጣቴ ያዝኩ። በሌላው እጄ ደግሞ የራሴን አንገት ያዝኩ፣ እንዳልሳሳት። የእኔ ዷ፣ ዷ፣ ዷ ይላል፤ ፍርሃቱ ያስታውቃል እንጂ መስመሩን አልሳተም። የሷ ግን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ዘሎ ይመታል። ሁለቱ ልቦች ለየቅል ናቸው። የሷ ነው። ፊሽካ እንዳለው አይደለም።

ክው አልኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አታድርቂኝ!»

ጥይት አጠገቤ ተቀመጠች። ትንፋሿ ገና አልተሰበሰበም። «አንዳንዴ ነው። ይዘልብኛል፤ ከዚያ ይመለሳል። አንድ ሁለቴ ዓይኔ ላይ ጨለማ መጥቷል፣ ግን አልወደቅኩም።» ከዚያ ክንዴን አጥብቃ ያዘችኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ሐሙስ ይለፍ ብቻ። ሐሙስ ሰውየው ይመጣል።»

ሰውየው ማለት ከስፖርት ማሠልጠኛው የሚመጣው መልማይ ነው። ፊሽካ ለሷ ብሎ ነው የጠራው። ሐሙስ በፈተናው ላይ ቁጭ ብሎ ያያታል፤ ከወደዳት ማደሪያ፣ ምግብ፣ ቱታ፣ ትምህርት፣ ሁሉም በነሱ ነው።

«እና ብትሞቺስ?»

«አፍሽ ውስጥ አንበጣ ይግባ! ምን ያስሞተኛል?» ከዚያ ደረጃውን እያየች ቀጠለች። «የራሴ አልጋ ይኖረኛል። በሰው ቤት...» ብላ ጀምራ ተወችው።

በሰው ቤት። ያቺ ቃል አንጀቴን በላችው። አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያደግን ልጆች ነን፤ ታዲያ እኔ ባዳ ነኝ? እናቴስ ባዳ ናት? ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን እጇ አሁንም ክንዴ ላይ ነበር፣ በቆዳዬ በኩል ያ የተዘበራረቀ ምት የሚሰማኝ መሰለኝ። ቁጣዬን ፍርሃት ዋጠው።

በማግሥቱ እናቴ ጋ ሄድኩ። እናቴ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ቤቱ በእንፋሎት የታፈነ ነው፤ ከጣራው በላስቲክ የተሸፈነ ኮት ተንጠልጥሏል፣ ከኮቶቹ ኋላ የሷ ክንድ ሲመላለስ ብቻ ይታያል። ተኩሳ ያቃጠለችው ልብስ የለም ብላ ትመካለች፤ እውነቷንም ነው።

«እማዬ፣ የጥይት ልብ ልክ አይደለም።»

«ሆሆ! የማን ልብ ነው ልክ?» አለች ሳትዞር።

ሁሉንም ነገርኳት። ክሩን፣ ከንፈሯን፣ ምቱን። ስነግራት ክንዷ እየዘገየ መጣና ቆመ። ካውያው ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ጭሱም ታየኝ፤ እናቴ ግን ሸሚዙን እያየች አታየውም። እኔ ነኝ ካውያውን ብድግ ያደረግኩት።

ያን ጊዜ ፊቷን አየሁት። እናቴ የምትፈራ ሰው ናት ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የቤት ኪራይ ጠያቂ አትፈራም፣ ሰካራም አትፈራም፣ አባቴ መንገድ ላይ ሲዘገይ እንኳ «ይመጣል» ብላ ትተኛለች። ያን ቀን ግን ዓይኗ ፈጦ ነበር።

ከዚያ ጮኸችብኝ። «የሮጠ ሰው ልቡ ይመታል! ምን ይሁን ታዲያ፣ ይተኛ? ያንን ነገር ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳልሰማ!»

«አክስቴ እኮ...»

«አክስትሽን ተያት! እሷ ድንገት ነው የሞተችው።» የተቃጠለውን ሸሚዝ አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ድምጿ ዝቅ አለ። «ፈተናዋን ትጨርስ። ቅዳሜ ክሊኒክ እወስዳታለሁ። አሁን ሂጂ፣ ሥራ አስፈታሽኝ።»

ወጣሁ። ቅዳሜ ከሐሙስ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ ሒሳብ አይጠይቅም፤ እናቴም ታውቀዋለች። ለምን እንደዚያ እንዳለች አልገባኝም፣ ጠላኋትም። ጥይት ደግሞ እናቴ ስለ ክሊኒኩ ስትነግራት፣ ተናገርሽብኝ ብላ አኮረፈችኝ። እስከ ሐሙስ ድረስ ጀርባዋን እየሰጠችኝ ተኛች፤ እኔ ደግሞ ትንፋሿ በተቋረጠ ቁጥር እየባነንኩ አደርኩ።

ሐሙስ ደረሰ። ሜዳው ላይ በኖራ ሁለት መስመር ተሰምሯል። ፈተናው የደርሶ መልስ ሩጫ ነው፤ ፊሽካው ሲነፋ ከአንዱ መስመር ተነስቶ ሌላው ጋ መድረስ፣ ደግሞ ሲነፋ መመለስ። መጀመሪያው ላይ ገና ሽርሽር ነው። እየቆየ ግን ፊሽካው ይፈጥናል፣ ፊሽካው ቀድሞት የተነፋበት ሰው ይወጣል። እንግዳው ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሰውን እንደ ዕቃ ያያል።

እኔ በመጀመሪያው ቡድን ሮጥኩ። ሮጥኩ ካልን ነው እንግዲህ። ቶሎ ወጣሁ፣ ጭብጨባዬን ተቀበልኩ፣ ማንም የእኔን ልብ ሊቆጥር አልፈለገም። ግድም አልሰጠኝም። ዓይኔ ከጥይት ላይ አልተነቀለም።

የሷ ቡድን ተነሳ። አንድ በአንድ ወጡ። ፊሽካው ፈጠነ፣ ልጆቹ ረገፉ፣ እሷ ብቻዋን ቀረች። ብቻዋን መመላለስ ጀመረች። ልጆቹ «ጥይት! ጥይት!» ይላሉ፤ እንግዳው ከወንበሩ ብድግ ብሏል፤ ፊሽካ ፊቱ በርቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ ይነፋል። እኔ በሆዴ ውጪ፣ ውጪ፣ በቃሽ እላለሁ። ሲያበቃ አሸንፋ እየሳቀች ወደ እኔ መጣች። ኩርፊያችንን እንኳ ረስታ እጇን ዘረጋችልኝ።

በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ፊሽካው ተነፋ።

የሚቆጠር ነገር አልነበረም። መምታት አይባልም። የሆነ ነገር ከቆዳዋ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር፤ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ «ቁጥር ጥሪ» አለችኝ። «በእናትሽ፣ ጥሪ።»

ፊሽካው ተነፋ።

«እሺ ኩንታል፣ ስንት?»

ደስ የሚለውን ቁጥር ብጠራ እንግዳው ይወስዳታል፣ እዚያም ያስሮጧታል። እዚያ እጇን የሚይዝ ማን አለ? «ቲቸር፣ አይቆጠርም» አልኩ። «ልቧ በትክክል እየመታ አይደለም። ሐኪም ይያት!»

ፊሽካ እንግዳውን አየና አፈረ። «በአውራ ጣቷ እየቆጠረች ነው» አለው ይቅርታ እንደሚጠይቅ። እንግዳው ትከሻውን ነቀነቀ። «ቁጥር ከሌለ ይደገማ» አለ።

ይደገማ። እውነቱን ብናገር ያድናታል ያልኩት እኔ ነበርኩ። እውነቱ መስመሩ ላይ መለሳት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆጥሬዋለሁ!» አልኩና ከአፌ የመጣልኝን ትንሽ ቁጥር ጠራሁ። ጆሮዬ ነደደ። ልጆቹ ሳቁ። ፊሽካ «አሁን ደግሞ ተገኘ?» አለ እንጂ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

ጥይት መስመሩ ላይ ቆመች። በዓይኗ ገረፈችኝ። ፊቷ እንደተሰመረው ኖራ ነጥቷል፣ ግን አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። ያን ያህል ኩራት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ፊሽካው ተነፋ፣ ተነሳች።

ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። ብቻ እግሬ ሜዳው መሃል ገብቶ አገኘሁት። ወደ እኔ ስትመጣ እጄን ዘርግቼ እቅፍ አደረግኳት። አብረን ወደቅን። እሷ ከሥር፣ እኔ ከላይ ሆንን፤ አልለቃትም አልኩ። ረገጠችኝ፣ ፀጉሬን ጎተተች፣ ክንዴን ነከሰች። «ልቀቂኝ! ቀንተሽብኝ ነው! ሁልጊዜም ቀንተሽብኝ ነው!» ትላለች። ክብደቴን በሕይወቴ የወደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኩንታል ሥር የትም አትሄድም።

ፊሽካ እየነፋ ሮጦ መጣ። በብብቴ ሥር ይዞ ይጎትተኛል፣ «ዜሮ ነሽ! ሁለታችሁም ዜሮ!» ይላል። ያኔ ነው ከእጄ ሥር የምትታገለው ልጅ መታገል ያቆመችው። ዝም አለች። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን እኔን አያይም።

መምህር አይነካም፤ ማንም ልጅ ይህን ያውቃል። እኔ የፊሽካን እጅ ጎትቼ ጣቶቹን አንገቷ ላይ ጫንኩ። «ቲቸር፣ በእርስዎ ጣት ይቁጠሩ! በእርስዎ ጣት!» እያልኩ አለቅሳለሁ።

ሊነጥቀኝ ፈልጎ ነበር። ከዚያ እጁ እዚያው ቀረ። ሁልጊዜ ጥንዶቹ ሲቆጥሩ እሱ ሰዓቱን ነበር የሚያየው፤ የማንንም እጅ ይዞ አያውቅም። ሰዓቱን አየ። ጣቱን አነሳና ሌላ ቦታ ላይ አደረገ። ደግሞ አነሳ። ፊሽካው ከከንፈሩ ተንሸራቶ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ፣ አፉ ባዶውን እንደተከፈተ ቀረ። «መኪና» አለ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣ «መኪና አምጡ!»

የእንግዳው መኪና ነበር የወሰደን። የጥይትን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ መንገዱን ሙሉ ስሟን እየጠራሁ፣ አንዴ ዓይኗን ስትገልጥ እየሳቅኩ፣ መልሳ ስትከድን እየጮህኩ ሄድኩ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ፊሽካ ከፊት ሆኖ አንዴም አልዞረም።

ሆስፒታል ውስጥ ደረቷ ላይ ገመድ ለጣጠፉባት፣ መርፌ ወጓት፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ልቧ ወደ መስመሩ ተመለሰ። እናቴ ከላውንደሪው የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች ደረሰች። ሐኪሟ ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። «የልቧ ጡንቻ ወፍሯል» አለችን። «መድኃኒት አለው፣ ክትትል አለው፣ ትኖራለች። ሩጫ ግን ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል። ዛሬ ሌላ ትንሽ ብትጨምር...» አለችና ጥይትን አይታ ተወችው።

ጥይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አታለቅስም። እሱ ነው የባሰብኝ። «ይቅርታ አልልሽም» አልኳት ለጀርባዋ።

«እናቷ በምን ሞተች?» አለች ሐኪሟ።

«ድንገት ነው» አለች እናቴ።

«ስንት ዓመቷ ነበር? ምን እያደረገች?»

እናቴ መለሰችላት፣ አንድ በአንድ፣ ለእኛ ነግራን የማታውቀውን ሁሉ። ድካሟን፣ ደረጃ ስትወጣ ማረፏን፣ ደረቴ ውስጥ ወፍ አለች ትል እንደነበር። ሐኪሟ አዳምጣ ስትጨርስ ድምጿን ለስለስ አደረገች። «ይህ በዘር የሚሄድ ነገር ነው። እርስዎም መታየት አለብዎት። ልጅዎም።»

ልጅዎ ማለት እኔ ነኝ። እጄ ሳላስበው አንገቴ ላይ ሄደ።

«እኔ ደህና ነኝ» አለች እናቴ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመረች። «ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት። እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ሌላ ቀን።» እንደዚያ ቀን ዓይኗ ፈጦ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ላውንደሪው ውስጥ የጮኸችብኝ ስላላመነችኝ አልነበረም።

ከአልጋው ላይ ጥይት ተናገረች። ከመጣን ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። ፊቷን አዙራ፣ ገመዶቿን እየጎተተች ቀና አለች።

«አክስቴ፣ እኔ ብቻዬን እንድፈራ ነው የምትፈልጊው?»

እናቴ ቆመች። የያዘችውን በር ለቀቀች። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እህቴን ከቀበርኩ ወዲህ» አለች፣ «እጄን ደረቴ ላይ አሳርፌ አላውቅም። ስተኛም በጎኔ ነው፣ እንዳይሰማኝ።» የካፖርቷን ቁልፍ ለመፍታት ሞከረች፣ ጣቷ አልታዘዝ አላት። ጥይት እጇን ዘርግታ ፈታችላት፤ ከዚያም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። እናቴ ተጋደመች። ሐኪሟ መሣሪያውን እየጎተተች መጣች።

«ቀጥሎ እኔ ነኝ» አልኩ።